ጠርሙሱን አዙሩት፦ የዓሣ ዘይት ለተቆጣ መገጣጠሚያ

እማዬ ጠዋት ጠዋት ጀበናውን በአንድ እጇ አንስታ መቅዳት ካቃታት ስድስት ዓመት አለፋት። ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል፣ ሰፈሩ ቁርጥማት ይለዋል፣ እሷ ደግሞ "የሐይቁ ብርድ ነው" ትላለች። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ እውላለሁ። ብርድ እንዳልሆነ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ግን የምታምነው እኔን ሳይሆን አጥር የምትጋራትን ጎረቤቷን ነው።

ባለፈው ዓመት እህቴ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ትልቅ የዓሣ ዘይት ጠርሙስ ላከችላት። እማዬ በቀን አንድ ፍሬ እየዋጠች ሁለት ወር ቆየችና "ምንም አልፈየደኝም፣ ለጎረቤቴ ልስጣት" አለች። ጠርሙሱን ተቀብዬ ያዞርኩት ያን ጊዜ ነው። ቀድሜ ባለማየቴ አፈርኩ።

ፊቱ ላይ በትልቁ 1000 ሚሊግራም ይላል። ጀርባው ላይ ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ተብሎ ተጽፏል። መቆጣትን በማብረድ በኩል የተጠኑት እነዚህ ሁለት፣ ኦሜጋ 3 የሚባሉ ቅባቶች ናቸው፤ ድምራቸው 300 ነው። የቀረው 700 ሌላ የዓሣ ስብ ነው። ለእሷ ዓይነት በሽታ በጥናት ውጤት የታየበት መጠን ደግሞ በቀን ወደ 3 ግራም ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ነው፤ ማለትም 3000 ሚሊግራም። እማዬ ሁለት ወር ሙሉ የዚያን አንድ አሥረኛ ስትውጥ ከርማ ነው "አልፈየደኝም" ያለችው። ፍርዷ ትክክል ነበር፤ የተፈረደበት ግን ዘይቱ ሳይሆን መጠኑ ነው።

የተቆጣው ምንድን ነው?

ሰው ወደ ባንኮኒዬ መጥቶ "ኦሜጋ 3 ስጪኝ" ሲል ቀድሜ የምጠይቀው ለምን እንደፈለገው ነው። አንዳንዱ ይናደዳል። ግን መልሱ ሁሉንም ይወስነዋል።

ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሆነ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት፣ ሁለቱም እጅ የሚያብጥበት፣ ጠዋት ጣት አልታጠፍ የሚልበት ከሆነ፣ መሞከሩ ተገቢ ነው። በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የ17 ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ታይቶ ነበር። ከሦስት እስከ አራት ወር ኦሜጋ 3 የወሰዱ ሰዎች ሕመማቸው ቀንሷል፤ የጠዋቱ መድረቅ አጥሯል፤ የሚያማቸው መገጣጠሚያ ቁጥር ጎድሏል፤ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። በሽታው ጠፋ የሚል ግን የለበትም።

በዕድሜ የሚመጣው የጉልበት ማለቅ ሌላ ነገር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለሁለት ዓመት የተካሄደና በ2016 የታተመ ጥናት ለአንዱ ቡድን በቀን 4.5 ግራም፣ ለሌላው 0.45 ግራም ብቻ ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት ሕመሙ ይበልጥ የቀነሰለት ትንሹን የወሰደው ቡድን ሆኖ ተገኘ። ቪታል በሚባለው፣ 25,871 ሰው በተሳተፈበት የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በቀን 1 ግራም የዓሣ ዘይት የጉልበት ሕመምን አልቀነሰም። ስለዚህ ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃዬን እያቃሰቱ ለሚወጡት አባቶች ትልቅ ጠርሙስ አልሸጥላቸውም፤ ጡንቻ ስለሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት ስለመቀነስ ነው የማወራቸው። ንግዱ አይወደውም።

ክሮንስ ለሚባለው የአንጀት መቆጣትም በ2008 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በቀን 4 ግራም ሰጥተው በሽታው እንዳያገረሽ ማድረግ አልቻሉም። የጨጓራ መቆጣት ሲሆን ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ወይም ራሱ ማስታገሻው ያመጣው ስለሆነ የዓሣ ዘይት ቦታው አይደለም። ጤነኛ ሆኖ "ለኢንፍላሜሽን" ብሎ ለሚገዛ ሰውም በዚያው በቪታል ላይ በቀን 1 ግራም መውሰድ ሲአርፒን፣ የመቆጣት ምልክት የሆነውን የደም ምርመራ፣ አላወረደም።

አንድ የባጃጅ ሾፌር እያነከሰ መጥቶ የእግሩ አውራ ጣት ቀልቶ አብጦ አሳየኝና በቲክቶክ ያየውን ኦሜጋ ጠየቀኝ። ሌሊቱን አንሶላ እንኳን ሲነካው ያስጮኸው እንደነበር ሲነግረኝ ሪህ እንደሆነ ገመትኩ፤ ዩሪክ አሲዱን እንዲለካና ሐኪም እንዲያየው ላክሁት። ያን ቀን ዘይት ብሸጥለት ገንዘቡንም ሳምንቱንም በላሁበት ነበር።

ዘይት እንዴት መገጣጠሚያ ያበርዳል?

እማዬ ይህን ጠየቀችኝ፤ "ማጠፊያ እንደሚቀባ የበር ዘይት ነው?" ብላ። አይደለም። መገጣጠሚያውን አያለሰልስም።

እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ግድግዳው ከቅባት የተሠራ ነው። ግድግዳው ውስጥ አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል የኦሜጋ 6 ዘር አለ። ጉዳት ሲደርስ ኮክስ የሚባል ኢንዛይም ያን ቅባት ይወስድና ፕሮስታግላንዲን ይሠራበታል፤ ሙቀቱን፣ እብጠቱን፣ ሕመሙን የሚጠራው እሱ ነው። ይህን ያጠኑት ሦስት ሰዎች፣ በርግስትሮም፣ ሳሙኤልሰን እና ቬን፣ በ1982 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ያንኑ ኮክስን ነው የሚያስቆሙት።

ለእማዬ በወፍጮ ነው ያስረዳኋት። ወፍጮ የሰጡትን ይፈጫል፤ ዳጉሳ ካፈሰሱበት የዳጉሳ ዱቄት ይወጣል። ዲክሎፌናክ መብራቱን ያጠፋል። የዓሣ ዘይት ግን ወፍጮውን ሳያቆም እህሉን ይለውጣል። ኢፒኤ መልኩ ከአራኪዶኒክ አሲድ ጋር ስለሚመሳሰል ኢንዛይሙ እሱንም ይፈጫል፤ የሚወጣው ፕሮስታግላንዲን ግን የመቆጣት ኃይሉ የደከመ ነው። ከኢፒኤ እና ከዲኤችኤ ሬዞልቪን የሚባሉ፣ የተነሳውን መቆጣት ወደ ማብቂያው የሚወስዱ ነገሮችም ይሠራሉ። ቋት ውስጥ ያለው የድሮ እህል አልቆ አዲሱ እስኪሞላ ሳምንታት ይፈጃል። ለዚህ ነው ዛሬ ውጦ ማታ የሚያሽል ነገር ያልሆነው፤ ሦስት ወር የምለውም ከዚህ ተነስቼ ነው።

"ታዲያ መብራቱን ማጥፋት አይሻልም?" አለችኝ። ጨጓራዋን አስታወስኳት።

ሂሳቡ

ጠርሙሱን አዙሩና ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። "ኦሜጋ 3" የሚለውን ጠቅላላ ቁጥር ተዉት። ቀጥሎ ቁጥሩ ለስንት ፍሬ እንደተጻፈ እዩ፤ ብዙ አምራች ለሁለት ፍሬ ይጽፋል፣ እናንተም አንዱን ውጣችሁ ሙሉውን የወሰዳችሁ ይመስላችኋል። ሁለቱን ደምሩና በፍሬ አካፍሉ። ከዚያ ያንን በጠርሙሱ ውስጥ ባለው የፍሬ ብዛት አባዙ።

እህቴ የላከችው 100 ፍሬ ነበረው፤ እያንዳንዱ 300 ሚሊግራም፣ በድምሩ 30 ግራም። በቀን 3 ግራም ሲወሰድ አሥር ቀን ብቻ ያዘልቃል፤ በቀን አሥር ፍሬ መዋጥም አለ። ቀጥሎ ያስላክሁት ትንሽ ጠርሙስ 60 ፍሬ ብቻ ነው፤ ግን አንዱ ፍሬ ኢፒኤ 360 እና ዲኤችኤ 240፣ ማለትም 600 ሚሊግራም ይዟል። ድምሩ 36 ግራም፤ በቀን አምስት ፍሬ፣ አሥራ ሁለት ቀን። ትንሹ ጠርሙስ ከትልቁ ይበልጥ ነበር። ስትገዙ የጠርሙሱን ዋጋ በግራሙ አካፍላችሁ አወዳድሩ፤ የጠርሙሱ ቁመት አያታልላችሁ።

ወጪው ቀላል አይደለም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በወር 90 ግራም ማለት ነው። ከውጭ የሚልክ ዘመድ ከሌላችሁ፣ ያንን ብር የሐኪም ቀጠሮና መደበኛው መድኃኒት ላይ ማዋል ይቅደም።

የዓሣ ጉበት ዘይት የሚባለውን ፈሳሽ በብዛት ጠጥቶ ሂሳቡን መሙላት ይቻላል ብላችሁ እንዳታስቡ። እሱ ቫይታሚን ኤ አለው። ምርቱ ቢለያይም በአንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 4000 ዩኒት የሚይዝ አለ፤ 3 ግራም ለመድረስ ሦስትና ከዚያ በላይ ማንኪያ ያስፈልጋል፤ ለአዋቂ የቫይታሚን ኤ ጣሪያው ደግሞ በቀን 10,000 ዩኒት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ጨርሶ አትንካው፤ የበዛ ቫይታሚን ኤ ጽንስ ይጎዳል።

"አሞራ ገደል እያለልን?"

ይህን የማይጠይቀኝ የሐዋሳ ሰው የለም። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያያችሁ ሾርባ የምትጠጡ ከሆነ፣ ይህ ከተማችን የሰጠችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አልቀርም። ግን ቆሮሶ ስቡ ትንሽ ነው። በ100 ግራም ሥጋው ውስጥ ያለው ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ከ0.2 ግራም ብዙም አይዘልም። በእሱ ብቻ 3 ግራም ለመድረስ በቀን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ፣ ያውም ያለ አጥንት፣ መብላት ሊኖርባችሁ ነው። ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ብሉት፤ የመገጣጠሚያ መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን አትቁጠሩት።

የቆርቆሮ ሰርዲን ይሻላል፤ ዘይቱ ተጠንፍፎ በ100 ግራም ወደ 1 ግራም ይይዛል። ቱና በውኃ የታሸገው ከዚያ በጣም ያንሳል። እማዬ በሳምንት ሁለት ቀን ሰርዲን በቃሪያና በሽንኩርት ትበላለች፤ በዚያ ቀን አንድ ፍሬ እንቀንስላታለን።

ተልባ? ተልባ ኦሜጋ 3 ሞልቶታል፣ ግን የራሱ ዓይነት ነው፤ አልፋ ሊኖሌኒክ ይባላል። ሰውነታችን ያንን ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ወደ ዲኤችኤማ ከዚያም ያነሰ። ሴቶች ትንሽ ይሻላሉ። ተልባን ለሆድ ድርቀትም ለልብም ወዳጅ አድርጉት፣ ሳይፈጭ ከሆነ ግን እንደገባ ይወጣል። ብዙ ቤት እንደሚደረገው ተዘፍዝፎ የሚያዳልጠው ውኃ ብቻ ተጠጥቶ አተላው ከተደፋ ደግሞ አብዛኛው ቅባት አብሮ ተደፋ ማለት ነው፤ የሚያዳልጠው አሰር እንጂ ዘይት አይደለም።

ስለ ኑግ ዘይት አንድ ነገር ላንሳ፣ ሰሞኑን "ኦሜጋ 6 መርዝ ነው" የሚል ወሬ በዝቷልና። ኑግ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም ኦሜጋ 6 ነው። ይህ ቅባት የአራኪዶኒክ አሲድ መነሻ ስለሆነ "ያቀጣጥላል" ተብሎ ይገመታል። በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ሊኖሌይክ አሲድ ሲጨመር የመቆጣት ምልክቶች ከፍ ሲሉ አላሳዩም። የእናቶቻችንን ኑግ አትወንጅሉት። ደጋግሞ የተጠበሰበትን ጥቁር ዘይት ግን ድፉት። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም አብዛኛው ይኸው ኦሜጋ 6 ነው፤ የዓሣ ዘይት ምትክ አድርጎ የሚሸጥ ካለ አትስሙት።

አወሳሰዱ

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ፍሬ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ ከዚያ አምስት አድርገን ነው ከፍ ያልነው። በአንዴ አምስት ብትሰጧት ሆዷ ይታወካል፣ ግሳቱ ዓሣ ዓሣ ይላታል፣ ጥላ ትተወዋለች። ሦስቱን ከምሳ ጋር፣ ሁለቱን ከእራት ጋር። ሁልጊዜ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን፤ በተለይ ኢትል ኤስተር በሚባለው መልክ የተዘጋጀው በባዶ ሆድ እምብዛም አይገባም። በጾም ቀንም በዘይት የተሠራ ሽሮ ይበቃል። ፍሬውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ቀዝቃዛውን መዋጥ ግሳቱን የሚቀንስላቸው ሰዎች አሉ፤ እማዬ አንዷ ናት።

ጾሙ ራሱ ጥያቄ ነበር። እማዬ የንስሐ አባቷን ጠየቀች፤ ለመድኃኒት እስከሆነ ድረስ ፈቀዱላት። ሙስሊም ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ደግሞ ስለ ልባሱ ነው፤ ልባሱ ጄላቲን ነው፣ ከከብት፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል፣ ሐላል የሚል ምልክት ወይም የዓሣ ጄላቲን የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከባሕር ውስጥ ደቂቅ አልጌ የተሠራም አለ፤ ዓሣዎቹ ራሳቸው ኦሜጋ 3 የሚያገኙት ከእሱ ተነስቶ ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል።

ዘይቱ እንዳልበሰበሰ አረጋግጡ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ መስኮት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ከነበረ ጠርሙስ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ፍሬዎቹ ተጣብቀው እንደ ወይን ዘለላ ሆነው ነበር። አንዱን በመርፌ ወጋሁት፤ የድሮ ቀለም ሸተተኝ። ልመልስ ስሄድ "ዓሣ ነዋ፣ ምን ሊሸት ነበር?" ተባልኩ። ደህናው ዘይት ቀለል ያለ የባሕር ሽታ ነው ያለው። እናንተም አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቱ አንዱን ፍሬ ወግታችሁ አሽትቱ። የሎሚ ሽታ የተጨመረበት ከሆነ ቅመሱት፤ ሎሚ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ከመጀመር በፊት ቆም የሚል

ደም የሚያቀጥኑትን ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር በቀን 3 ግራም አይጀምር። ቀዶ ጥገና ያለበትም እንዲሁ። የልብ ምት መዛባት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ደግሞ በተለይ ይጠንቀቅ፤ በ2021 የተደመሩ ጥናቶች እንዳሳዩት በቀን ከ1 ግራም በላይ ሲወሰድ ይህ መዛባት ጎልቶ ይጨምራል። ልባችሁ ያለ ምክንያት ከተርበተበተ አቁሙና ታዩ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 ለአዋቂዎች በቀን እስከ 5 ግራም የደኅንነት ሥጋት እንደማያስነሳ ተናግሮ ነበር፤ እኔ ከ3 ማለፍን ያለ ሐኪም አልመክርም።

ሌላው፣ እና ይህን ከፍ ባለ ድምፅ ነው የምናገረው፣ የዓሣ ዘይት ሜቶትሬክሴትን አይተካም። መገጣጠሚያው እንዳይበላ የሚጠብቀው ሜቶትሬክሴትና መሰሎቹ ናቸው። በ2015 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት በሽታው በቅርብ ለጀመራቸው ሰዎች በቀን 5.5 ግራም ሲሰጥ በሽታው ረግቶ የተቀመጠላቸው በዙ፤ ነገር ግን ሁሉም ዋናውን መድኃኒት እየወሰዱ ነበር። እግረ መንገዴን፦ ለዚህ በሽታ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ለእማዬ ማክሰኞን በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤላታለሁ።

ደብተሩ

ከመጀመሯ በፊት ሁለት ሳምንት ጻፍን። ሁለት ነገር ብቻ፦ ከእንቅልፏ ከተነሳች ስንት ደቂቃ ቆይታ ጀበናውን በአንድ እጇ ማንሳት እንደቻለች፣ እና በዕለቱ ስንት ዲክሎፌናክ እንደዋጠች። ጀበናው ውኃ ተሞልቶ ይቀመጣል፣ በየሩቡ ሰዓት ትሞክራለች። የላቦራቶሪ መለኪያ አይደለም፣ ግን የእሷ ነው። የመቆጣት ምልክት የሆኑትን የደም ምርመራዎች፣ ኢኤስአር እና ሲአርፒንም አስለካን።

ጽፋችሁ ካልጀመራችሁ በሦስተኛው ወር "የተሻለኝ ይመስለኛል" ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ቁርጥማት ደግሞ በራሱ የሚሄድና የሚመጣ ነገር ስለሆነ አንድ ጥሩ ሳምንት ያታልላል።

በፊት በአማካይ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅባት ነበር። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ምንም አልተለወጠም፤ "አንቺና እህትሽ ዓሣ አደረጋችሁኝ" እያለች ታማርር ነበር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ወርዷል። ዲክሎፌናክ በወር ከ19 ወደ 9። ሲአርፒዋ ብዙም አልተነቃነቀም። በመካከሉ ክረምቱ አልፎ ስለነበር ሁሉንም ለዘይቱ ልሰጥ አልችልም፤ ያለ ማነጻጸሪያ አንዲት እናት ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። ለጨጓራዋ ግን አሥር ዲክሎፌናክ መቅረቱ ብቻ በቂዬ ነበር፤ ሐኪሟም ደብተሩን አይቶ ቀጥሉ አላት።

ሦስት ወር ሙሉውን መጠን ወስዳችሁ ደብተራችሁ ካልተለወጠ አቁሙ። ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም፣ በቃ ማቆም ነው። "ምናልባት በስድስተኛው ወር" ብሎ ሌላ ጠርሙስ የሚያስገዛችሁን አትስሙ፣ እኔም ብሆን።

እማዬ አሁንም አምስቱን ትወስዳለች። ጎረቤቷም የራሷን ጠርሙስ ከልጇ አስልካ መጥታ ነበር፤ ጉልበቷን ነው የሚያማት። አዙሬ አየሁት፣ 180 እና 120። እማዬ ከእኔ ቀድማ "ላንቺ አይሆንሽም፣ የኔ ሌላ ነው" ብላ ብዙ አስረዳቻት፣ ወፍጮውንም ጨምራ። ሴትየዋ ጠርሙሱን ይዛ ሄደች። ባዶው የኛ ጠርሙስ አሁን ኩሽና ውስጥ ሚጥሚጣ ይዟል።